ቀለበት ከማሰራችሁ በፊት እጃችሁን እዩ

ጥር ሲቃረብ ደብረ ታቦር ወርቅ ቤቶች ውስጥ አንድ ነገር ይደጋገማል። ሁለት እጮኛሞች ይገባሉ፣ ስልክ ከኪስ ይወጣል፣ "እንደዚህ ያለውን ነው የምንፈልገው" ይባላል። ስልኩ ላይ ያለው እጅ ረዥም፣ ቀጭን፣ ጥፍሩ የተቀባ ነው። ባንኮኒው ላይ ያረፈው የልጅቷ እጅ ደግሞ መዳፉ ሰፋ፣ ጣቱ አጠር፣ አንጓው ጎላ ያለ ነው። የሚያምር እጅ ነው፤ የስልኩ እጅ ግን አይደለም። ቀለበቱ ይገዛል፣ ይጠልቃል፣ ፎቶ ይነሣል። ሁለት ወር ሳይሞላ ሙዳይ ውስጥ ይገባል፤ ወይ ጠቦ፣ ወይ ነጠላ እየጎተተ፣ ወይም ምክንያቱ በውል ሳይታወቅ "ብቻ እጄ ላይ አላማረኝም" ተብሎ።

ይህ ሁሌም ያሳዝነኛል። ለአንድ የፋርጣ ወይም የጋይንት ወጣት ቀለበት ማለት የበግ፣ የጥጃ፣ አንዳንዴም የበሬ ሽያጭ ነው። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቃል ታስሮ፣ ዘመድ ተሰብስቦ የሚጠልቅ ነገር ሙዳይ ውስጥ እንዲቀመጥ አይደለም የተደከመለት።

ለእጅ የሚስማማ ቀለበት ስል ሁለት ነገር ማለቴ ነው፤ እጁን ሲያዩት የሚያምር፣ እጁ ሲሠራም የማያስቸግር። ስለ መጀመሪያው ብዙ ይወራል። ስለ ሁለተኛው የሚያወራ ጥቂት ነው። የደጋ እጅ ግን ሊጥ ያቦካል፣ ድንች ይቆፍራል፣ ጥጥ ይፈትላል፣ በውርጭ ማለዳ በቀዝቃዛ ውኃ ልብስ ያጥባል። ቢሮ የሚውለውም ቢሆን ለበዓል ወላጆቹ ቤት ሲሄድ ከዚሁ ሥራ አይቀርም። ስለዚህ ሁለቱን አብረን እናያለን።

እጁን ወረቀት ላይ አውጡት

ነጭ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ አንጥፉ። እጁን ሳታስጨንቁ፣ ጣቶቹን በመጠኑ ከፈት አድርጋችሁ አስቀምጡና ዙሪያውን በእርሳስ ሣሉት። እጅን ሁልጊዜ ስለምናየው ቅርጹን አናውቀውም፤ ወረቀት ላይ ሲወጣ ነው የሚታወቀው።

በሥዕሉ ላይ የመሃል ጣትን ርዝመት ከመዳፉ ርዝመት ጋር አስተያዩ። ጣቱ የመዳፉን ሦስት አራተኛ ካልሞላ አጭር ጣት በሉት። ከመዳፉ ጋር ሊተካከል ከተቃረበ ረዥም ነው። ከዚያ የቀለበት ጣቱን ብቻ ለይታችሁ እዩ። ከሥር እስከ ጫፍ እኩል ነው? ከሥሩ ወፍሮ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል? ወይስ ሥሩ ቀጭን ሆኖ አንጓው ላይ ያብጣል? ይህ የመጨረሻው ከልጅነት ጀምሮ ሥራ በለመደ እጅ ላይ በብዛት የሚታይ ነው፤ ጉድለት አይደለም፣ ቀለበት ሲመረጥ ግን የግድ መታወቅ አለበት።

አሁን ወደ ጓዳ ግቡ

ከሻይ ቅጠል ፓኬት ካርቶን ላይ ሦስት ክርታስ ቁረጡ፤ አንዱ ወርዱ 2 ሚሊሜትር፣ ሁለተኛው 4፣ ሦስተኛው 6 ይሁን። እያንዳንዱን ጣት ላይ ጠምጥማችሁ በፕላስተር አያይዙት። ይህ የቀለበቱን ወርድ ያሳያችኋል። ለፈርጡ ደግሞ ገንዘብ የማያስወጣ መለኪያ እቤታችሁ ሞልቷል፤ ምስር፣ አተር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ገብስ፣ ሱፍ። ቁንጥር ሊጥ ክርታሱ ላይ አድርጉና አንዷን ፍሬ ለጥፉባት። አተር ክብ ፈርጥ ናት። ባቄላ ሞላላ ናት። ገብስ ሁለት ጫፏ የሾለ፣ መሃሏ የወፈረ ፈርጥ ናት። የሱፍ ፍሬ የእንባ ጠብታ ቅርጽ አላት። ስለ መጠኑ ካሰባችሁ ደግሞ፣ 1 ካራት የሚባለው ክብ አልማዝ ወርዱ 6 ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ከአንዲት አተር አይበልጥም። ሩብ ካራቱ 4 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ትንሽ ምስር ማለት ነው።

የእህቴ ልጅ ባለፈው ጊዜ ልትታጭ ስትል ይህንኑ አብረን ሠራን። ልቧ ክብ፣ ትልቅ፣ ከሩቅ የሚታይ ፈርጥ ላይ ነበር። ሽምብራ ለጠፍንላት። ጣቷ አጭር ስለሆነ ሽምብራው ከዳር እስከ ዳር ሸፈነውና ጣቱ የተቆረጠ መሰለ። እሷም ዝም ብላ አየችው። ሽምብራውን አንሥተን አንዲት የገብስ ፍሬ በጣቷ ቁመት ልክ፣ ጫፏን ወደ ጥፍሯ አዙረን አስቀመጥን። እናቷ ከምድጃው ዞር ብላ "እንዴ፣ ጣትሽ ረዘመ እኮ!" አለች። የገብሱ ፍሬ ከሽምብራው በብዙ ያነሰ ነበር፤ እጇ ላይ ግን በለጠ። የገዛችው እሱን የመሰለ ነው፤ እስካሁንም ከጣቷ አልወረደም።

ፍሬውን እየለወጣችሁ ሦስት ጊዜ እዩ። አንዴ እጃችሁን ዘርግታችሁ፣ አንዴ መስታወት ውስጥ፣ አንዴ ደግሞ ሌላ ሰው ክፍሉ ማዶ ቆሞ። ሰው እጃችሁን የሚያየው ከዚያ ርቀት ነውና የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል።

ለየትኛው እጅ የትኛው ቀለበት

አጭር ጣት ላላት፣ ወርዱ 2 ወይም 2 ተኩል ሚሊሜትር የሆነ ጠባብ ቀለበት ይሻላል። ፈርጡ በጣቱ ቁመት የተኛ ይሁን፤ ሞላላ፣ ጠብታ፣ የገብስ ቅርጽ ያለው። ፈርጥ ካልተፈለገም መሃሉ ወደ ጥፍር በኩል ሾል ያለ ቀለበት ያንኑ ሥራ ይሠራል። ሰፊ ቀለበት አጭር ጣትን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ትልቅ አራት ማዕዘን ፈርጥም እንዲሁ።

ሰፊ መዳፍና ወፈር ያለ ጣት ላይ የሚፈጸመው ስሕተት ተቃራኒው ነው። "እጄ ወፍራም ነውና ቀጭን ቀለበት ያሳንሰዋል" ብለው የሚያስቡ አሉ። አያሳንሰውም። ቀጭን ሽቦ ወፍራም ጣት ላይ ሲሆን ክር የታሰረበት ይመስላል፣ ሥጋውም ግራና ቀኝ ይወጣል። ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር የሆነ፣ ጠርዙ የተድቦለቦለ ቀለበት አድርጉ። ፈርጥ ካለውም ጣቱን ሞላ የሚያደርግ ሆኖ ከሁለቱም በኩል ጥቂት ቆዳ የሚያሳይ ይሁን።

ረዥምና ቀጭን ጣት ብዙ ነገር ይቀበላል። ክብ፣ አራት ማዕዘን፣ ሰፊ ቀለበት፣ ሁለት ሦስት ቀለበት ተደራርቦ፣ ሁሉም ያምርበታል። ለዚህ እጅ የማልመክረው ረዝሞ የሚሾል ፈርጥ ብቻ ነው፤ ጣቱን እንዝርት ያስመስለዋል።

ትንሽ እጅ ላይ ደግሞ ፈርጡ ትንሽ ይሁን። ምስር የሚያህል ጥሩ ፈርጥ በትንሽ እጅ ላይ ያበራል፤ ባቄላ የሚያህለው ግን የእናቷን ቀለበት ያጠለቀች ሕፃን ያስመስላታል።

አንጓው ጎላ ላለ ጣት ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ብዙዎቻችን እዚህ ውስጥ ነንና። ቀለበቱ አንጓውን ማለፍ አለበት፣ ካለፈ በኋላ ግን ሥሩ ቀጭን ስለሆነ ይዞራል። ፈርጥ ያለበት ቀለበት ከሆነ ፈርጡ መዳፍ ውስጥ ገብቶ ሊጥ ሲቦካ ያስቸግራል፣ ዕቃ ሲነሣ ይጫናል። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው፣ ዙሪያውን አንድ ዓይነት የሆነ ቀለበት መምረጥ ነው፤ ቢዞርም ያው ነው። ፈርጥ የግድ ከሆነ ደግሞ ሠሪው ከቀለበቱ ውስጠኛ ክፍል፣ በመዳፍ በኩል፣ ሁለት የወርቅ ጠብታ እንዲበይድበት ንገሩት። ጠብታዎቹ አንጓውን ሲያልፉ አያስቸግሩም፣ ሥሩ ላይ ሲደርሱ ግን ቀለበቱን ይይዙታል። ወጪው ትንሽ ነው። ይህን የሚያውቁ ሠሪዎች ብዙ ናቸው፤ ጠይቆ የሚያሠራው ግን ጥቂት ሰው ነው።

ከሥሩ ወፍሮ ወደ ጫፉ ለሚቀጥን ጣት አደጋው ቀለበቱ መውለቁ ነው። እዚህ ላይ ልኩ ጠበቅ ያለ፣ ወርዱም ቢያንስ 3 ሚሊሜትር ይሁን።

ልክ መውሰድ፤ ብዙ ቀለበት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው

እናቶቻችን በፈትል ይለኩ ነበር። ፈትል ግን ይለጠጣል፣ ለስላሳ ሥጋም ውስጥ ይሰምጣል፤ ስለዚህ ልኩ ይጠባል። ወርዱ 5 ሚሊሜትር የሆነ ክርታስ ተጠቀሙ። የጣቱን ሥር ከበባችሁ፣ የተገናኘበትን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጋችሁ፣ ክርታሱን ዘርግታችሁ በማስመሪያ ለኩ። ቁጥሩን ለ3.14 ስታካፍሉት የቀለበቱን የውስጥ ስፋት ታገኛላችሁ። ለምሳሌ ዙሪያው 54 ሚሊሜትር ከሆነ ስፋቱ 17.2 ሚሊሜትር ነው። ወርቅ ቤቶች የራሳቸው የቀለበት መለኪያ አላቸው፤ ቢሆንም የራሳችሁን ቁጥር ይዛችሁ ግቡ። ቁጥሩ ካልገጠመ ድጋሚ እንዲለካ ለመጠየቅ ድፍረት ይሰጣችኋል።

አንጓውንም ለብቻው ለኩ። የሥሩና የአንጓው ልዩነት ጥቂት ከሆነ የሥሩን ልክ ጥቂት አላልታችሁ ውሰዱ። ልዩነቱ የሰፋ ከሆነ በሁለቱ መካከል፣ ወደ አንጓው ጠጋ ያለውን። ወርዱ 6 ሚሊሜትር የሆነ ቀለበት ከጠባቡ ይልቅ ጣት ስለሚይዝ ልኩ በወርቅ ቤቱ መለኪያ ግማሽ ቁጥር ከፍ ይበል።

የደጋ ሰው ደግሞ ሌላ የሚጠነቀቀው ነገር አለው። ሠርጋችን በአብዛኛው ጥር ላይ ነው፣ ቀለበቱም የሚለካው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። ይህ ወቅት ጉና ተራራ ሥር ውርጭ የሚያድርበት ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚያ ማለዳ ከቤት ወጥታችሁ ወርቅ ቤት ብትገቡ ጣታችሁ ተኮማትሯል። በዚያ ልክ የተሠራ ቀለበት ሚያዝያ ላይ ይጠባል። ወረታና ፎገራ ሜዳ ስትወርዱ ወይም ባሕር ዳር ስትከርሙ ደግሞ ይብሳል፤ ባሕር ዳር ከእኛ በ900 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። ስለዚህ በሦስት የተለያዩ ቀናት ለኩ። ሁሉም ከሰዓት በኋላ፣ ሰውነት ከሞቀ፣ እጅ ከደረቀ በኋላ ይሁን። ሦስቱ ቁጥር ቢለያይ መሃለኛውን ያዙ። ጨው የበዛበት ምግብ በተበላ ማግስት፣ ረዥም መንገድ በተሄደበት ቀን፣ እርጉዝ ሆናችሁም ከሆነ አትለኩ፤ ጣት ያብጣል።

ፍል ውኃም እንዲሁ ነው። ከእኛ ወገን ለፈውስ ብሎ ደራ ወረዳ ወንዛዬ የሚወርድ ብዙ ነው፤ ቀናት ይቀመጣሉ፣ ጠዋት ማታ ይታጠባሉ። ከዚያ በተመለሳችሁበት ቀን ቀለበት አትለኩ። ቀለበት ያላችሁም ሙቅ ውኃው ውስጥ ይዛችሁ አትግቡ። ሙቀቱ ጣትን ያሳብጣል፤ ስትወጡና ሲበርዳችሁ ደግሞ ጣቱ ይኮማተራል፣ ሳሙናው ያዳልጣል፣ ቀለበቱም ሳይታወቅ ይሄዳል። የብር ቀለበት ከሆነ ሌላም ነገር አለ፤ ድኝ ያለበት ውኃ ብርን ያጠቁራል። ሲሄዱ እቤት፣ ከታመነ ሰው ዘንድ ማስቀመጥ ነው።

እጮኛውን ማስደነቅ የሚፈልግ ወንድም ካለ፣ እህቷን ወይም አክስቷን ምሥጢረኛ ያድርግ። እጮኛው በቀለበት ጣቷ የምታጠልቀውን ቀለበት ለአንድ ሰዓት ታምጣለት፣ የውስጡን ክብ ወረቀት ላይ ይሣል። የትኛው እጅ እንደሆነም ይጠይቅ፤ የምንሠራበት እጅ ጣት ከሌላው ይወፍራል። በግምት ግን አይግዛ። አንድ የቅርብ ዘመዴ ከተማ ወርዶ በግምት የገዛው ቀለበት ሰፊ ነበር። ልጅቷ ደስታውን ላለመስበር "ልኬ ነው" አለች። ክረምት ላይ ድንች ሲቆፈር ከጣቷ ወጣ። ሦስት ቀን ሙሉ ያን አፈር በወንፊት ስንነፋ ሰነበትን፤ አልተገኘም። እሷ ያለቀሰችው ለወርቁ አልነበረም።

ወርቅ፣ ብርና ውፍረት

ወርቅ ላይ ካራት ሲባል ከ24 ክፍል ስንቱ ንጹሕ ወርቅ እንደሆነ ነው። 21 ካራት ከመቶ 87.5 ወርቅ አለው፣ 18 ካራት 75። 21 ቀለሙ ይሞላል፣ ሲሸጥም ዋጋ ያወጣል፤ ግን ለስላሳ ነው። ምጣድ የሚያነሣ፣ ዶማ የሚይዝ እጅ ላይ ይጎብጣል፣ ይጫጫራል። ለዕለት ቀለበት እኔ 18ን እመርጣለሁ። ፈርጥ ያለበት ከሆነማ የግድ 18 ይሁን፤ ፈርጡን የሚይዙት ጥርሶች ከለሰለሱ ይከፈታሉ። በየትኛውም ካራት፣ የቀለበቱ ውፍረት ከ1 ሚሊሜትር ተኩል አይነስ። ውስጡ ባዶ የሆነ ቀለበት ከላይ ሲያዩት ይወፍራል፣ በእጅ ሲይዙት ግን ይቀላል፤ አንዴ ከተሰረጎደም አይመለስም።

ብር የድሃ ነው የሚለውን አነጋገር አልወደውም። የአያቶቻችን እጅ ላይ የነበረው ብር ነው፤ ያም ብር ከማርትሬዛ የቀለጠ ነው። 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት ያ ገንዘብ 28 ግራም ይመዝናል፣ ከመቶ 83 የሚሆነው ብር፣ ቀሪው በአብዛኛው መዳብ ነው። ከአንዱ አምስት ቀለበት ይወጣዋል። መዳቡ ከመቶ 92.5 ንጹሕ ብር ካለበት ከዛሬው ይልቅ ስላጠነከረው እነዚያ ቀለበቶች የአንድ ሰው ዕድሜ እየሠሩ ኖረዋል። አያታችሁ ቤት እንዲህ ያለ ካለ አታቅልጡት። አንጥረኛ ዘንድ ወስዳችሁ ልኩን ብቻ አስተካክሉ፤ በእጅ የተሠራው ጌጥ ከቀለጠ ማንም አይመልሰውም። አቅም ካልፈቀደም ወፈር ያለ የብር ቀለበት ከወርቅ ቅብ ይበልጣል። ቅቡ በሳሙናና በሊጥ ይላጣል፣ ከሥሩም ነሐስ ይወጣል።

የወንድ ቀለበት ብዙ አያከራክርም። ከ4 እስከ 6 ሚሊሜትር፣ ጠርዙ የተድቦለቦለ፣ ፈርጥ የሌለው። ሙስሊም ወንድሞቻችን ወርቅ ስለማያጠልቁ ብር ይመርጣሉ፤ ለእነሱም ልኩና ውፍረቱ ያው ነው።

ስለ ፈርጥ፣ በተለይም ስለ ደላንታ ኦፓል

ከደብረ ታቦር በነፋስ መውጫ በኩል ጋሸና ደርሳችሁ ወደ ደቡብ ብትታጠፉ ወገል ጤና ትገባላችሁ። ደላንታ ነው። እዚያ ገደል ውስጥ የሚወጣው ኦፓል እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ዓለም ያወቀው ነው፤ ነጭ ሆኖ ውስጡ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እሳት ይንቦገቦጋል። ከቅርባችን የወጣ ድንጋይ ስለሆነ ለቀለበት የሚመኙት ብዙ ናቸው፤ እኔም በጣም እወደዋለሁ። ግን እጅ ላይ ከመዋሉ በፊት ጠባዩን እወቁት።

የደላንታ ኦፓል ውኃ ይጠጣል። ብዙ ጊዜ ውኃ ውስጥ ሲገባ ቀለሙ ይጠፋና እንደ ብርጭቆ ያሳያል፤ ቀስ ብሎ ሲደርቅ ግን ይመለሳል። ችግሩ ውኃው ብቻ አይደለም። ቅቤ፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ የወጥ ቅመም አብሮ ከገባ ቀለሙ ሊለወጥ ይችላል፣ ያ ደግሞ ላይመለስ ይችላል። ጥንካሬውም ዝቅ ያለ ነው። በድንጋይ ጥንካሬ መለኪያ ኦፓል ከ5.5 እስከ 6.5 ነው፤ በአቧራ ውስጥ ያለው የአሸዋ ቅንጣት 7 ነው። የመንገድ አቧራ ብቻውን ይጭረዋል ማለት ነው። ስለዚህ ወጥ ለምትሠራ፣ ልብስ ለምታጥብ እጅ ኦፓልን ለዕለት ቀለበት አልመክርም። ለጆሮ፣ ለአንገት አድርጉት። ቀለበት ካላደረግሁት የምትሉ፣ የበዓል ቀለበት አድርጉት፤ ቤት ሲገባ የሚወልቅ። በሙቅ ቦታ ወይም ምድጃ ዳር አታድርቁት፣ ይሰነጠቃል።

ለዕለት የሚውል ፈርጥ ሰንፔር ነው፣ ጥንካሬው 9። አልማዝ 10 ነው። ገንዘብ ካጠረ በፋብሪካ የሚሠራው ዚርኮኒያ 8 ይደርሳል፤ ዚርኮኒያ ነው ተብሎ በዚርኮኒያ ዋጋ ከተሸጠላችሁ አያሳፍርም።

ሠሪው ፊት ስትቀመጡ

የመጀመሪያው ፈተና ነጠላ ነው። የነጠላችሁን ዘርፍ ቀለበቱ ላይ ወዲያ ወዲህ አድርጉት። ክር ከያዘ እጃችሁ ላይ ሁልጊዜ ይይዛል፤ ጋቢውንም፣ ጥበቡንም፣ የሕፃን ፀጉርም። ፈርጡ በጥርስ ከተያዘ ጥርሶቹ ዝቅ ያሉና ጫፋቸው የተድቦለቦለ ይሁን። ከዚያም የሚሻለው ዙሪያውን በወርቅ ከንፈር የታቀፈ ፈርጥ ነው፤ ሊጥም ሥሩ አይገባም፣ ክርም አይይዝም።

ውስጡ ላይ ማኅተሙን ፈልጉ፤ 750 የሚለው 18 ካራት ነው፣ 875 የሚለው 21። ዓይናችሁ እያየ ይመዘን። ደረሰኙ ላይ ግራሙ፣ ካራቱና የእጅ ዋጋው ለየብቻ ይጻፍ። ልኩ ቢለወጥ ማስፋት ማጥበብ ይቻል እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ዙሪያውን በሙሉ ፈርጥ የተደረደረበት ቀለበት አይሰፋም። ስም የምታስቀርጹ ከሆነ፣ ፊደላችን ከ3 ሚሊሜትር በጠበበ ቀለበት ላይ አይነበብም፤ የክርስትና ስማችሁን ሁሉ ከመጻፍ አንድ ቃልና ዓመተ ምሕረቱን አስቀርጹ።

ሠሪውንም አክብሩት፣ ጊዜ ስጡት። በዚህ አገር ብረትና ብር የሚሠራን እጅ "ጠይብ" ብለን ስንሰድብ፣ "ቡዳ" ብለን ስንሸሽ ኖረናል፤ የሠሩልንን መስቀልና ድሪ ግን አንገታችን ላይ አሳምረን አስረናል። ዐፄ ቴዎድሮስ ከዚሁ ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን አስቀምጠው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ሲያሠሩ፣ የአገሩ አንጥረኛ ግን በየመንደሩ ዳር እንደተገፋ ነበር። ሰውየው አጠገብ ቁጭ በሉ፣ በወረቀት የሣላችሁትን እጅ አሳዩት፣ ምን ሥራ እንደምትሠሩ ንገሩት። ጥሩ ሠሪ ከስልክ ፎቶ ይልቅ በዚህ ይደሰታል። ከምትፈልጉት የተሻለ ሐሳብ ቢያቀርብም ስሙት።

ከጠለቀ በኋላ

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት እዩት። ማታ ማታ ጣቱ ላይ ጥልቅ ምልክት ከተወ ጠቧል፤ እጃችሁን ወደ ታች አድርጋችሁ ስታወዛውዙ አንጓው ላይ ከደረሰ ሰፍቷል። ሁለቱም በጊዜ ይስተካከላሉ። ሊጥ ስታቦኩ አውልቁት፤ የምታስቀምጡበት ቦታ ግን ሁልጊዜ አንድ ይሁን፣ መስኮት ላይ ወይም ምጣድ አጠገብ አይደለም። ፈርጥ ያለበትን በዓመት አንዴ ሠሪው ጥርሶቹን ይይላችሁ።

አንድ ቀን ቀለበቱ አልወጣም ካለ አትታገሉት፤ ሲታገሉት ጣቱ ይበልጥ ያብጣል። እጁን ከራስ በላይ ከፍ አድርጋችሁ ጥቂት ደቂቃ ቆዩ፣ በቀዝቃዛ ውኃ አርጥቡት፣ ሳሙና ቀቡት። አሁንም እንቢ ካለ ቀጭን ጠንካራ ክር አምጡ። የክሩን አንድ ጫፍ በቀለበቱ ሥር ወደ መዳፍ በኩል አሳልፉ። ቀሪውን ከቀለበቱ ጀምራችሁ አንጓው እስኪያልፍ፣ ክሩ እየተጠጋጋ ጠበቅ አድርጋችሁ ጠምጥሙት። ከዚያ በመዳፍ በኩል የቀረውን ጫፍ ይዛችሁ ወደ ጥፍሩ አቅጣጫ ቀስ እያላችሁ ፍቱት፤ ክሩ በተፈታ ቁጥር ቀለበቱ አንድ እርምጃ ይወጣል። ጣቱ ከጠቆረ፣ ከደነዘዘ ወይም ቁስል ካለበት ግን ይህን አትሞክሩ፤ ወዲያው ጤና ጣቢያ ሂዱና ቀለበቱ ይቆረጥላችሁ። ሲቆረጥ በመዳፍ በኩል፣ ከፈርጡ ማዶ እንዲሆን ንገሯቸው። ሠሪው መልሶ ሲበይደው ምልክቱ መዳፍ ውስጥ ይቀራል።